ማግ የሞላው ግምጃ ቤት

የንጉሡ ድንኳን ለመስቀል ያልደረሰው ፈታዮቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ባለፈው ዓመት እንኳ በአንድ ተዝካር ላይ፣ ከእኔ ሦስት ሰው አልፎ የተቀመጠ ሽማግሌ ይህንኑ እያጣፈጠ ሲያወራ ሰማሁት። በዕድሜው እንዝርት ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። በሰው ተዝካር ላይ እሰጥ አገባ መግጠም ነውር ስለሆነ ዝም አልኩት፤ ቤቴ ስገባ ግን ቀለም በጠበጥኩ።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድሞቼ ዳዊት ሲደግሙ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥጥ እፈለቅቅ ነበርና ፊደሉ ማንም ሳያስተምረኝ ገባኝ። ይህንን ሲያውቁ አባቴ አልተቆጡም፤ መጻፉንም ራሳቸው አሳዩኝ። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ያሏቸው ነበሩ። ይኸው፣ የሚያደርግልኝ ይህንን ነው።

ቤቴ ገሳይ ነበር። ባሌ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከክፉ ሰው የሚሻልበትን ነገርም ብዙ አላየሁበትም። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችን። ንጉሡ ደብረ ታቦር ሰፍረው ሳለ ለዘመቻ የሚሆን አዲስ ድንኳን እንዲሠራ ታዘዘና ከየአገሩ ድር መፍተል የምትችል ሴት ትላክ ተባለ። ከባሌ ዘመዶች ቤት አንዲት ሴት እንድትሄድ ተራው ደረሰ። አማቴ ያላገቡ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ሁለቱም ይፈትላሉ፤ ሁለቱም የሚያጠቡት ልጅ የላቸውም። ጭቃ ሹሙ ደጃፍ ቆሞ ማንን እንደሚወስድ ሲጠይቅ ግን፣ የልጄ ሚስት እጇ ቀጭን ነው፣ እንደ እሷ ድር የምታወጣ ባገሩ የለችም አለችው። በአራት ዓመት ውስጥ ስታመሰግነኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊት ለፊቷ አንቱ ነበር የምላት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታ የምጽፈው ለሚገባው ብቻ ነው።

ነገሩ ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ መስቀል ነበር። ድንኳኑ ካለቀ ሁሉም ለመስቀል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካላለቀ እስኪያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። ስወጣ አማቴ ልጄን አዝላ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«ደመራው ሳይበራ ነይ» አለችኝ። «ልጄን ሴት በሌለበት ቤት አላስከርመውም። ካልመጣሽ ሌላ አገባለታለሁ፤ ኋላ አልተነገረኝም እንዳትዪ።»

ባሌ እዚያው ቆሞ የበሬውን ሰኮና ያይ ነበር። ልጄ አያቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ስሜያት እንድትነቃ አልፈለግኩም፤ እንዳላየችኝ ሄድኩ። ያን ክረምት ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ለመስቀል ገሳይ መድረስ።

የፈትል ቤቱ ከተራራው ሥር የተሠራ፣ ረጅም የሣር ክዳን ቤት ነበር። ስድሳ ያህል ሴቶች ነበርን። ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ጥጡ ከነፍሬው ከይፋግ ገበያ በአህያ ይመጣል። መጀመሪያ በመዳመጫ ብረት ፍሬው ይወጣለታል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ለስልሶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን እኛ እንፈትላለን፤ የፈተልነውንም ቀሰም በምንለው የሸምበቆ ቁራጭ ላይ እናጠነጥናለን። ቀሰሙ ግቢውን ተሻግሮ ወደ ሸማኔዎቹ ይሄዳል። ሸማኔዎቹ የጨረሱትን ድንኳን ሰፊዎቹ ይገጣጥሙታል። ከነዚህ አንዱ ሲቆም ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ይህንን ሁሉም ያውቃል። አንዱ ያለ ልክ ሲሮጥም ጥፋት እንደሚመጣ ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚሮጥ ሰው ለዓይን ደስ ይላል።

ፈትል ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በሸማኔው ፊት በርዝመት የሚወጠረው ድር ነው፤ በወርዱ የሚመላለሰው ማግ ነው። ድር በብዙ ማሾር፣ ቀጥኖና ጠንክሮ ይፈተላል፤ አለዚያ ሲወጠር ይበጠሳል። ማግ ለቀቅ ብሎ ቢፈተልም ይበቃዋል። አንዲት ሴት አንድ ቀሰም ድር በምታወጣበት ጊዜ ሦስት ቀሰም ማግ ታወጣለች። ድርጓችን የሚሰጠን በቀሰም ቁጥር ነበር፤ ድር ይሁን ማግ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ የራባት ሴት የትኛውን እንደምትፈትል ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም።

የፈታዮቹ አለቃ ከጎንደር የመጣች ወይዘሮ ነበረች። እሜቴ እንላት ነበር። ጠዋት ጠዋት የቀሰሙን ክምር ታያለች፤ ከፍ ካለ ደስ ይላታል፤ ዝቅ ካለ ትቆጣለች። ክምሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አንሥታ አላየችም። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሸማኔዎቹ እግራቸውን ሰደው ከሚሠሩባቸው ከሰባቱ ጉድጓዶች አራቱ ባዶ ዋሉ። ማግ በቅርጫት ሙሉ አለ፤ የሚወጠር ድር የለም።

የሸማኔዎቹ አለቃ እስላም ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። አንድ ቀን ግቢውን ተሻግረው መጡና ከደጃፉ ቆመው፣ ማግ ብቻውን ጨርቅ የሚሆን ከሆነ እኔን ከቤቴ ምን አስጠራችሁኝ ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ የባዶ ጉድጓዶቹን ቀኖች እየቆጠርኩ ነበርና። ባዶ የዋለ ጉድጓድ ሁሉ ከመስቀል ላይ የሚቀነስ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌውን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። ለአንድ ጨርቅ ስንት ቀሰም ድር፣ ስንት ቀሰም ማግ እንደሚፈጅባቸው ጠየቅኩ። ነገሩኝ። ሌላ የሚያስቸግር ነገርም ነበር። እነሱ ዓርብ አይሠሩም። እኛ ቅዳሜና እሑድ አንፈትልም፤ የማርያም፣ የሚካኤል፣ የሥላሴ ቀንም አንፈትልም። ሰኞ በዓል የዋለበት ሳምንት ከሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኛ ምንም አይሄድላቸውም። በዓላቱን ከአባቴ ቤት ጀምሮ በቃሌ አውቃቸው ነበርና እስከ መስቀል ያሉትን በጣቴ ቆጠርኩ። ለሦስት ቀን የሚበቃ ፈትል ሁልጊዜ እጃቸው ላይ ካለ ሸማኔዎቹ አይቆሙም። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ተቀምጦ እርጥበት ይጠጣል፣ ለሌላ ሊሆን የሚችለውንም ጥጥ ይበላል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ለሦስት ቀን የሚበቃውን ያህል ቀሰም ብቻ ቆረጥን፤ ትርፍ አልቆረጥንም። የድሩን ቀሰም ጫፉን በእሳት አጠቆርነው፤ የማጉን ነጭ እንደሆነ ተውነው። ሸማኔው አንድ ቀሰም ሲጨርስ ባዶውን ወደ እኛ ይመልሳል። ጫፉ ጥቁር ከሆነ ድር ይፈተልበታል፤ ነጭ ከሆነ ማግ። ባዶ ቀሰም ያልመጣላት ሴት አትፈትልም። ነዳፊዎቹም ባዶ ቀሰም ሳያዩ ጥጥ አይነድፉም፤ ባዘቶ በዚያ ጭጋግ ሁለት ቀን ካደረ ይጓጉላልና። ድርጎው እኩል ይሁን፣ ድር የያዘችም ማግ የያዘችም እኩል ትብላ ብዬ እሜቴን ለመንኳት። ሸማኔው በጎኔ ቆመው ስለነበር እሺ አለች።

ሰኔን እንዲህ ሠራን። አንድም ጉድጓድ ባዶ አልዋለም። ሰው ሳይጮህ፣ ሳይሯሯጥ ጨርቁ እየተጠቀለለ ወደ ሰፊዎቹ ይሄድ ነበር። ሽማግሌው ባዶ ቀሰሞቹን ራሳቸው ይዘው ይመጡና ስንት እንደሆኑ ሳይናገሩ እግሬ ሥር ያስቀምጡልኛል። በዕድሜዬ ሥራዬን አይቶ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው የለም። እሜቴ ግን ለግምጃ ቤቱ አዛዥ ስትነግረው ዘዴውን ራሷ አሰብኩት አለች። ያመጣላት ሽልማት አንድ ጋቢ ነበር፤ ለብሳው ዞረች። እኔ አልተናገርኩም። ጋቢውን ትልበሰው፣ መስቀል ግን የኔ ነው ብዬ።

ሐምሌ ሲገባ አዛዡ ራሱ መጣ። የግምጃ ቤቱም የፈትል ቤቱም አዛዥ እሱ ነበር። ከበታቹ ያሉት ሁሉ ሲሯሯጡ ማየት ይወዳል፤ ሲሯሯጡ ካላየ የተናቀ ይመስለዋል። የመጣበት ቀን ዓርብ ነበር። ሸማኔዎቹ አይሠሩም፤ ቀሰሙ ሁሉ ሙሉ ነው፤ እኛም የምንፈትልበት ባዶ ስላጣን ተቀምጠን ነበር። አንዳንዷ ጸጉር ትሠራለች፤ አንዳንዷ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «የንጉሥ ድርጎ እየበሉ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አለ እንዴ?»

እሜቴ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገችና በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። «ይቺ የመሪጌታ ልጅ ናት ጌታዬ። እኔ ነገሩ መቼ ገባኝ።»

ተነሥቼ እጅ ነሣሁና አስረዳሁት። ያለን ጥጥ ርብ ወንዝ እስኪጎድል የሚበቃን፣ ለድሩም ለማጉም በልኩ ከተካፈለ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ክረምቱ ከባሰ በኋላ ከይፋግ አህያ አይሻገርም። ዛሬ ሥራ ላለመፍታት ብለን ማግ ብቻ ከፈተልን፣ ነሐሴ ላይ ድር የምንፈትልበት ጥጥ አይኖርም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ንጉሡ ጥጥ ያጣሉ ነው የምትዪው?» አለኝ።

አዎ ካልኩ ንጉሡን ደፈርኩ፤ አይደለም ካልኩ እሱ ልክ ሆነ። ሳቀ፤ አብረውት የመጡትም ሳቁ።

«በሉ ፍተሉ» አለ። «ከእንግዲህ ተቀምጣ ያገኘኋትን ሴት ድርጎ ለአህያ ነው የምሰጠው። አህያዋስ ትሠራለች።»

በዚያው ሳምንት ሸምበቆ በሸክም ተቆረጠ። ጫፍ ማጥቆር ቀረ። ድርጎው እንደ ድሮው በቀሰም ቁጥር ሆነ። ሴቶቹን የምወቅስ አይደለሁም ልል አስቤ ነበር፤ ግን እወቅሳቸዋለሁ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት የፎገራ ሰው ነበረች፤ ያስረዳሁትን ሁሉ ከኔ ይበልጥ አጣፍጣ ለሌላው ትናገር ነበር። በማግስቱ አሥራ ሁለት ቀሰም ማግ ፈትላ ድርጎዋን ተቀብላ ስትሄድ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔና ሌሎች አራት ሴቶች ብቻ ድር ላይ ቀረን፤ ድርጓችንም ሢሶ ሆነ። ከዚያ ከአራቱ ሦስቱ ወደ ማግ ሄዱ።

ግምጃ ቤቱ በማግ ሞላ። መጀመሪያ በቅርጫት፣ ከዚያ በአቁማዳ፣ ከዚያ መሬት ላይ እየተከመረ እስከ ማገሩ ደረሰ። አዛዡ እንግዳ እየጋበዘ በሩን አስከፍቶ ያሳይ ነበር። ነጭ ክምር ነው፤ በእውነት ያምራል። ያየው ሁሉ ሥራው ደረሰ ይላል። ሽማግሌው ሸማኔ ከግቢው ማዶ ሆነው ያዩታል። ለእኔም አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምትፈትዪውን ቀጥዪ፣ ሌላውን ተዪው አሉኝ።

በፍልሰታ ጾም መካከል ጥጡ አለቀ። ነዳፊዎቹ የመጨረሻውን ቅርጫት ገልብጠው አራገፉ። ግምጃ ቤት ሙሉ ማግ አለ፤ የሚወጠር ድር ግን ከሁለት ጨርቅ የሚበልጥ አልነበረም። ድንኳኑ ገና ሢሶው ይቀረዋል። ሸማኔዎቹ ሁለቱን ጨርቅ ጨረሱና ከጉድጓዳቸው ወጡ።

አሁን የምጽፈውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ መፍትሔውን አውቅ ነበር። ጥጥ በጠፋበት ዓመት እናቴ ለአባቴ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ስታሠራ፣ ሁለት ማግ አንድ ላይ ገምዳ ድር ስታደርገው አይቻለሁ፤ ገመዱንም ይዤላታለሁ። ወፈር ይላል፤ ለኩታ አይሆንም። ለድንኳን ግን እንዲያውም ይሻላል። ስድሳ ሴት ብንገምድ፣ ያ ሁሉ ክምር ድር ይሆናል። ቀኖቹን ቆጠርኳቸው፤ በዓላቱን ቀነስኩ። ወዲያው ከጀመርን ጥቂት ቀን ወዲህና ወዲያ ቢል ነው እንጂ ለመስቀል ገደማ ያልቃል።

አልተናገርኩም።

አዛዡ ሲዋረድ ማየት ፈለግኩ። ጥፋቱ በንጉሡ ፊት በስሙ እንዲጠራ፣ ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ክምር የማን ሥራ እንደሆነ እንዲጠየቅ ፈለግኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱ አዛዡ ወደ ይፋግ አህዮች ላከ። በአራተኛው ቀን ነጂዎቹ ርብ ሞልቶ አላሻግር ብሎናል ብለው ባዶ ጭነት ይዘው ተመለሱ። የአዛዡን ፊት ልይ ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ፊቱ የፈለግኩትን ያህል አልጠቆረም፤ አንድ ቀን ልጨምርለት አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ቀን ሄደ። ዘጠኝ ቀን ስድሳ ሴት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ድርጓችሁ ለአህያ ነው የሚል ሰው አልነበረም። እኔም ከመካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ብል እውነት ነው። ልጄን ያላሰብኩበት ጊዜም ያ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን እሜቴ ሁለት ቀሰም ማግ ይዛ ከሸማኔው ፊት ቀረበች። ጋቢዋን አልለበሰችም። ሁለቱን ክር ባንድ ላይ አድርጋ በእንዝርት ለመግመድ ስትሞክር አደረች መሰለኝ፣ ጣቷ ቀልቷል። ይህ አይወጠርም ወይ አባባ፣ አለቻቸው። ሽማግሌው ያዙና ሳብ ሲያደርጉት ተተረተረ። እንደገና ገመደች፤ እንደገና ተተረተረ። ማጉ በተፈተለበት ወደዚያው አቅጣጫ ነበር የምታሾረው። ክር ሲፈተል ወደ ቀኝ ከዞረ ሲገመድ ወደ ግራ ነው፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን አይዝም። ይህንን ያላወቀች ሴት የስድሳ ፈታይ አለቃ ነበረች።

ዝም ማለት አቃተኝ። ለሰው አዝኜ አይደለም፤ የተበላሸ ሥራ ማየት ስለማልችል ነው። ከእጇ ተቀበልኩና እንዝርቱን ጭኔ ላይ ወደ ግራ አሾርኩት። ክንድ ያህል ገምጄ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ወጠሩት፤ ጠበቅ አድርገው ሳቡት። አልተበጠሰም።

አዛዡ ተጠርቶ መጣ። እሜቴ ለራሷ ትወስደዋለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ አልወሰደችም። ይቺ ናት ያወቀችው አለችው። ለምን እንዲህ እንዳደረገች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ስለዚህ አንድ ነገር አልቀንስላትም፣ አንድ ነገርም አልጨምርላትም።

አዛዡ ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ይህንን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አሁን ነው የታየኝ ጌታዬ» አልኩ።

ሽማግሌው ሸማኔ ያዩኝ ነበር። ያ የተገመደ ክር የተማረ እጅ ሥራ እንደሆነ ከሳቸው የሚሰወር አልነበረም። አላጋለጡኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ባዶ ቀሰሞቹን የሚያመጣልኝ ሌላ ሰው ሆነ።

ገመድን። በቀን ብርሃን ሁሉ ገመድን፤ ጭናችን ተላጠ። ዘመን ተለወጠ፤ እንቁጣጣሽ ሲባል ጠጅ ሣር እንኳ አልነካንም። የደመራው ዕለት ሥራ አልነበረም። ከግቢው ሆነን የየአገሩ ደመራ ሲጨስ አየን። የገሳይ አቅጣጫ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። አንድ ሰዓት ልሂድና ልጄን አይቼ ልመለስ ብዬ በር ጠባቂውን ለመንኩት፤ ገሳይ በአንድ ሰዓት የሚደረስ ይመስል። ድንኳኑ ካላለቀ ማንም አይወጣም አለ።

ድንኳኑ ያለቀው ከመስቀል በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዘመቻው ተላልፎ ስለነበር ገና እስከ ኅዳር ተጣጥፎ ተቀመጠ። አዛዡ አልተዋረደም። ለምን ዘገየ ሲባል ፈታዮቹ ሰነፉብኝ አለ፤ ለትጋቱም በቅሎ ተሸለመ።

ገሳይ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። አማቴ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች። መስቀል አለፈ እኮ አለችኝ፤ ቀጥላ ገብሷን በእጇ ዘረጋጋች። ከቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ልጄን ይዛ ወጣች። ልጄ ከሴትዮዋ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ባሌ ከእርሻ ሲመለስ አየኝና ቆመ፤ ከዚያ በሬዎቹን ፈታ። ሽማግሌ ተቀምጦ ተፋታን። ልጄ እዚያው ቀረች፤ እኔ ቤት አልነበረኝምና። ለበዓል ለበዓል ሄጄ አያት ነበር። አፏን ስትፈታ ያቺን ሴት እማ፣ እኔን እትዬ አለችኝ። እንድታርመው የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አላረምኳትም፤ ማረሙ የሌሎቹ ሥራ ነው ብዬ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ተመልሼ እየፈተልኩ ኖርኩ። በስድስተኛው ዓመት ባሌ የነበረው ሰው ላከብኝ። አማቴ ታማ ልትሞት ነው፤ ይቅርታ የምትጠይቃቸውን ሁሉ እያስጠራች ነው አለ። ሄድኩ። የነፍስ አባቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውኃ ይዛ ከግርጌ ቆማለች። አማቴ ቀጭን ሆናለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነበር።

«ከመስቀል በኋላ ሦስት ቀን ጠብቄሽ ነበር» አለችኝ። «መንገድ መንገድ እያየሁ። በአራተኛው ቀን ነው ሴትዮዋን ያስመጣሁት። ጨክኜብሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

ሦስት ቀን። ድንኳኑ አሥራ አንድ ቀን ነው የዘገየው። ከዚያ ላይ ዘጠኙ የኔ ነበር። ሁለት ቀን ዘግይቼ፣ በማግስቱ ገሳይ ብደርስ እሷ ገና መንገድ እያየች ነበር። ይህንን ለመቁጠር ጊዜ አልወሰደብኝም።

እሷን ስጠላ ስድስት ዓመት ኖሬ ነበር፤ አዛዡንም፣ ጋቢ ለባሿንም። በየተራ እያነሣሁ ነበር የምጠላቸው፤ ከማንም አላበላለጥኩም። ያን ጊዜ ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር እማ» አልኳት። ቶሎ ነው ያልኩት።

ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው አሳለሟትና ወደ እኔ ዞሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱም ወገን የልቡን አውጥቶ ቢለያይ ይሻላል አሉ።

«አንቺስ ልጄ፣ የምትዪው አለሽ?»

ልጄ ውኃውን ይዛ ታየኛለች። የለኝም አልኩ። መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁና ሳይመሽ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ገባሁ።